የትንሽ ውርስ ሙግትና ዋጋው፦ የጥብቅና አበል ታሪክ በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች

በኢሉባቦር ከተሞች ትንሽ ውርስ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው አንድ ቤት፣ ከጓሮው ያለ የቡና ተክል፣ ጥቂት ከብት፣ ምናልባትም በሰው እጅ የቀረ ብድር ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ንብረት ከሟች ወደ ወራሽ ለማሻገር ለጠበቃ፣ ለማመልከቻ ጸሐፊና ለፍርድ ቤት የሚወጣው ገንዘብ ከንብረቱ ጋር ሲተያይ ሁልጊዜ ከበድ ይላል። ሰው ይህን በጠበቃ ስግብግብነት ያመካኛል፤ ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ወጪው የሚቆጠረው በንብረቱ ልክ ሳይሆን በመንገዱ፣ በቀጠሮውና በወረቀቱ ልክ ነው። ባለ አንድ ክፍል ቤትም ባለ ፎቅ ሕንፃም የሞት ማስረጃ፣ የምስክር ቃልና የፍርድ ቤት ማኅተም እኩል ይጠይቃሉ። ከኡካ ከተማ ተነሥቶ መቱ ለሚመላለስ፣ በይግባኝም አዲስ አበባ ለሚደርስ ባለጉዳይ፣ ትንሽ ንብረት ትንሽ ወጪ አያስከትልም።

ጠበቃ በሕግ የታወቀ ባለሙያ ከመሆኑ በፊት ሙግት የባለጉዳዩ የራሱ ሥራ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት ቆመው በበላ ልበልሃ ይጠያየቃሉ፤ ዋስ ይጠራሉ፤ በማር፣ በፈረስ፣ በበቅሎ ወይም በብር ይወራረዳሉ። የተረታው የሚከፍለው ውርርድ ለዳኛውና ለሹሙ ገቢ ስለነበር ዳኝነት ራሱ የገቢ ምንጭ ነበር። በዚህ ሥርዓት ውድ የሚሆነው ነገር የአንደበት ድክመት ነው። ጥያቄ አሳክቶ መጠየቅ፣ የባላጋራን ቃል ይዞ ማሰር፣ ሕግ መጥቀስ ያልቻለ ሰው እውነት ይዞም ሊረታ ይችላል። ስለዚህ አንደበት ያልሰጠው ሰው አንደበት ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ያስከትል ነበር። መኳንንትና ገዳማት ደግሞ ቋሚ ነገረ ፈጅ ያቆሙ ነበር፤ ለእርሱም ቀለብና ልብስ፣ አንዳንዴም መሬት ይሰጡታል። ተራው ባለጉዳይ ለተናገረለት ሰው የሚሰጠው ግን በውል የተቆረጠ ዋጋ አልነበረም። ማር ነው፣ በግ ነው፣ የአንድ ቀን የእርሻ ሥራ ነው፤ አለዚያም ውለታ ነው፤ ውለታው ግን ከበጉ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ነበረው። በሰሜኑ የርስት ሙግት ዘመዳሞች ገንዘብ አዋጥተው አንዱን ወኪል ማድረጋቸው የተለመደ ነበር፤ ከሸዋና ከሌላውም ወደ ምዕራብ የወረደው ሰው ይህን ልማድ ይዞት መጥቷል።

ውርሱ ሙግት ካልተነሣበት ግን ዳኛም ነገረ ፈጅም አያስፈልገውም ነበር። በክርስቲያኑ ቤት ሟች ሲደክም የነፍስ አባቱንና ሽማግሌዎችን ጠርቶ ይናዘዛል፤ ማን ምን እንደሚወስድ፣ ማን ምን ዕዳ እንዳለበት በአፉ ይናገራል፤ የሰሙት ይመሰክራሉ። ለዚህ የሚከፈል አበል የለም። ገንዘብ የሚበላው ቀብሩና ተዝካሩ ነው። ተዝካሩ ከውርሱ እየበለጠ ወራሾችን ዕዳ ውስጥ መክተቱም የቆየ ወቀሳ ነበር። በአገሩ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ነገሩን የሚያዩት የአገር ሽማግሌዎች፣ ጃርሳ ቢያ የሚባሉት ናቸው። አንጋፋው ወንድ ልጅ በአባቱ ቦታ ይቆማል፤ ሴት ልጅ ግን ከመሬት ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ተገልላ ነበር። በሙስሊሙ ቤት ድርሻው በሸሪዓ የተወሰነ ስለሆነ ቃዲው የሚያደርገው ሒሳቡን ማከፋፈል ነው። ኢሉባቦር ሦስቱም ሥርዓት ጎን ለጎን የኖረበት አገር ነው። ለሽማግሌና ለቃዲ የሚወጣው ወጪ ጥቂት ነበር፤ ሽማግሌው የሚያስበው ባለጉዳዮቹ ነገም በአንድ ገበያ እንደሚገናኙ እንጂ የቀጠሮውን ብዛት አይደለም።

ይህን የቀየረው የመሬቱ መቀየር ነው። አካባቢው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከገባ በኋላ ራስ ተሰማ ናደው ጎሬን መቀመጫቸው አድርገው ኢሉባቦርን ገዙ። መሬት በቀላድ ተለካ፤ ለነፍጠኛው፣ ለባላባቱና ለቤተ ክርስቲያኑ ተደለደለ። በዚህ መልክ መሬት ያገኘ ሰው ሲሞት ልጆቹ የሚጠይቁት በሽማግሌ ትዝታ የተያዘ ይዞታ ሳይሆን በመዝገብ የተጻፈ ንብረት ሆነ። የተጻፈ ነገር ደግሞ ጸሐፊ፣ ማኅተምና ተከራካሪ ይፈልጋል። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ሲከፈት ቡናው በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን መውረድ ጀመረ፤ ጎሬም የግሪክ፣ የሶርያና የአርመን ነጋዴዎች የሚኖሩባት፣ የእንግሊዝ ቆንስላ ያለባት የንግድ ከተማ ሆነች። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል የውጭ ዜጎች የዳኝነት ጉዳይ በቆንስሎቻቸው በኩል ስለሚታይ የአንድ የውጭ ነጋዴ ውርስና የጎረቤቱ የኢትዮጵያዊ ውርስ በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት የተለያየ መንገድ ይሄዱ ነበር። የመጀመሪያውን የሚያውቀው ቆንስላው ነው። ሁለተኛው ከአካባቢው ዳኛ ተነሥቶ በይግባኝ እስከ አፈ ንጉሡና እስከ ዙፋን ችሎት ይደርሳል።

ዙፋን ችሎት ግን አዲስ አበባ ነው። ከጎሬ አዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ዘመን ይህ በበቅሎ የሳምንታት መንገድ ነው፤ ክረምት ሲገባም ወንዙ አያሳልፍም። ባለጉዳይ ስንቅ ይይዛል፣ አሽከር ያስከትላል፣ ቤተ መንግሥቱ አቅራቢያ ማደሪያ ይፈልጋል፣ ተራው እስኪደርስ ወራት ይጠብቃል። በትንሽ ውርስ ጉዳይ ይህን ማድረግ ንብረቱን ቀድሞ መብላት ነው። ዋና ከተማ ላይ ነዋሪ የሆነ ተወካይ ማቆም ከራስ መሄድ ርካሽ መሆኑ የታወቀው ከዚህ ነው፤ ለጥብቅና ሥራም ገበያ የፈጠረው ከሕጉ ውስብስብነት ቀድሞ የመንገዱ ርዝመት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ አበሉ የመንገድ ዋጋ ምትክ ሆኖ ተጀመረ።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ጎሬ ለጥቂት ወራት በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራው የአርበኞች መንግሥት መቀመጫ ሆና ነበር፤ በኅዳር 1929 ዓ.ም. እርሷም ተያዘች። የነጻነቱ መመለስ ያመጣው አዲስ ነገር የፍርድ ቤት ደረጃ ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 2 ፍርድ ቤቶችን በደረጃ ሠራ፤ ዳኛ ከውርርድ የሚያገኘው ገቢ ቀርቶ ደመወዝተኛ እንዲሆን መንገድ ከፈተ። ቀጥሎ በወጡ ሕጎች የቃዲ ፍርድ ቤት የሙስሊሞችን ጋብቻና ውርስ እንዲያይ ተፈቀደለት። በ1930ዎቹ መጨረሻ አዋጅ ቁጥር 90 ደግሞ የአጥቢያ ዳኛን አቆመ፤ ሥልጣኑ እስከ 25 ብር የሚደርስ የንብረት ክርክር ነበር። 25 ብር ብዙ የቤት ዕቃ ሊሸፍን ስለሚችል የድሀው ውርስ ክርክር ከፊሉ በእግር በሚደረስበት ቦታ ሊያልቅ ቻለ።

የጠበቆች ምዝገባ ደንብ የወጣው በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ ወዲህ በሌላ ሰው ስም ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው መመዝገብ አለበት ተባለ። ይሁንና አገሪቱ የሕግ ትምህርት ቤት አልነበራትም፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በጠቅላይ ግዛት ከተሞች ጠበቃ የሚባለው ሰው ፍርድ ቤት ውስጥ ጸሐፊ፣ ዳኛ ወይም ፖሊስ ሆኖ ያገለገለ፣ ወይም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፈ፣ ሕጉን በልምድ ያወቀ ሰው ነበር። እርሱንም የሚያገኘው ከተሜ ነው። ለገጠሩና ለትንሹ ውርስ ዋናው ባለሙያ ራፖር ጸሐፊው ሆነ።

ራፖር ጸሐፊ በፍርድ ቤት ደጅ በጠረጴዛና በወንበር የሚቀመጥ፣ ጃንጥላ ወይም ቆርቆሮ ጥላ ያለው፣ መጀመሪያ በብዕር በኋላም በታይፕ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ነው። ባለጉዳዩ ታሪኩን ከአያቱ ጀምሮ ይነግረዋል፤ እርሱ ከዚያ ውስጥ ዳኛ የሚፈልገውን ሦስት አራት ነጥብ አውጥቶ በቁጥር ይደረድራል። ዋጋው በገጽ ነው። ይህ ከጠበቃ አበል ጋር ያለው ልዩነት ለትንሽ ውርስ ወሳኝ ነበር፤ ምክንያቱም ገጽ ውስን ነው፣ ቀጠሮ ግን ውስን አይደለም። ሕጉ ራፖር ጸሐፊውን ችሎት ፊት እንዲናገር አልፈቀደለትም። ምክር ግን ይሰጣል፤ በየትኛው ፍርድ ቤት መዝገብ ይከፈት፣ ስንት ምስክር ይቅረብ፣ ቴምብሩ የት ይገዛ ይላል። በብዙ የኢሉባቦር ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ «ጠበቃችን» የሚባለው ሰው እርሱ መሆኑ አይገርምም። ሥራው የተናቀ ቢሆንም የውርስ ሕጉን ወደ ገጠር ያደረሰው እርሱ ነው።

ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለውርስ ጉዳይ ከ826 እስከ 1125 ያሉ አንቀጾችን ሰጠ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ ልጆች ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ እኩል እንዲወርሱ ደነገገ፤ ይህ በኢሉባቦር የገጠር ልማድ ላይ የመጣ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የብዙ ሙግት መነሻም ሆነ። የቃል ኑዛዜን አልሻረውም፤ ግን ለቀብር፣ ለትናንሽ ልጆች አሳዳጊና ለእያንዳንዳቸው ከ500 ብር ለማይበልጡ ስጦታዎች ወሰነው፤ ተናዛዡ ከሦስት ወር በላይ በሕይወት ከቆየም ይፈርሳል አለ። በአደባባይ የሚደረገው ኑዛዜ በአራት ምስክር ፊት መነበብ አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። 500 ብር በ1953 ዓ.ም. ጥሩ ገንዘብ ነበር። ዛሬ በግ አይገዛም። የብሩ ዋጋ ሲወርድ ወሰኑ አብሮ ስላልተሻሻለ በነፍስ አባት ፊት የተነገረው የአሮጌው ዓይነት ኑዛዜ በሕግ ፊት ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ፤ የተጻፈ ኑዛዜ የሌለው ቤተሰብም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ሆነበት።

እዚህ ላይ በሕጉ ሐሳብና በአፈጻጸሙ መካከል ያለው ክፍተት ጎልቶ ይታያል። ሕጉ ለትንሽ ውርስ ጠበቃ እንዲያስፈልግ አላሰበም። ሌላ ሰው በኑዛዜ ካልተሾመ ወራሾቹ ራሳቸው፣ ማንም ሳይሾማቸው፣ የውርስ አጣሪ ይሆናሉ፤ ንብረቱን ይቆጥራሉ፣ ዕዳ ይከፍላሉ፣ የቀረውን ይካፈላሉ። ከፈለጉ ወራሽነታቸውን የሚያረጋግጥ ምስክር ወረቀት ከዳኛ መጠየቅ ይችላሉ፤ ሕጉ የሚለው ይችላሉ እንጂ አለባቸው አይደለም። በተግባር ግን ባንኩ ያለ ምስክር ወረቀት ገንዘቡን አይለቅም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ስም አያዞርም። የፈቃድ የነበረው ወረቀት የግዴታ ሆነ። ዳቪድ በመጡበት አገር፣ በፈረንሳይ፣ ውርስን የሚያስተናግደው ኖተር የሚባለው የውል አዋዋይ ባለሙያ ነው፤ ዋጋውም በመንግሥት ታሪፍ የተወሰነ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ የአጣሪውን ሥርዓት ሲዘረጋ በየወረዳው ያንን ባለሙያ አላገኘም። ክፍተቱን የሞሉት ራፖር ጸሐፊው፣ የልምድ ጠበቃውና የፍርድ ቤት ሬጅስትራሩ ናቸው፤ ታሪፍ ግን አልተከተላቸውም።

ሕጉ ስለ ወጪው ቅደም ተከተል የተናገረው ነገር ራሱን የቻለ ጨዋታ አለው። ከውርሱ መጀመሪያ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው፤ ቀጥሎ የማጣራቱና የማስተዳደሩ ወጪ፤ ከዚያ የሟቹ ዕዳ። የቀብር ወጪውም ለሟቹ ማዕረግ የሚገባውን ያህል ብቻ ነው፤ የተዝካር ወጪ አይገባበትም ይላል ሕጉ። ለዘመናት ውርስን ሲበላ የኖረው ተዝካር በአንድ ዓረፍተ ነገር ከውርሱ ሒሳብ ወጣ። በእርሱ ቦታ ከሟቹ ዕዳ ቀድሞ የሚከፈል ሆኖ የገባው የአጣሪው አበል ነው፤ አጣሪው የሠራው ሥራ የሚገባው ከሆነ ዋጋ ሊቆረጥለት ይችላልና። ወራሾች ሲጣሉ ፍርድ ቤቱ ገለልተኛ አጣሪ ይሾማል፤ ያ አጣሪ ጠበቃ የሆነ እንደሆነ አበሉን ከጋራው ንብረት ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ወራሽ ደግሞ ለየራሱ ጠበቃ ይከፍላል። አንድ ቤትና ጥቂት የቡና እግር ለዚህ ሁሉ አይበቃም።

የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለትንሽ ባለጉዳይ ሁለት ማምለጫ ትቷል። አንደኛው ባል፣ ሚስት፣ ወንድም፣ ልጅ፣ አባት፣ እናት ወይም አያት ያለ ጥብቅና ፈቃድ ወኪል ሆኖ መቆም መቻሉ ነው። በዚህ ምክንያት በመቱና በጎሬ ችሎቶች ከወራሾቹ መካከል ማንበብና መጻፍ የሚችለው ልጅ፣ ብዙውን ጊዜ አስተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ የሆነው፣ የቤተሰቡ ጠበቃ ሆኖ ያገለግል ነበር። አበል አይከፈለውም፤ ሆኖም በክፍፍሉ ጊዜ ድካሙ ይታሰብልኝ ብሎ ሌላ ክርክር ማንሣቱ አልቀረም። ሁለተኛው በደኻ ደንብ መክሰስ ነው፤ የድህነት ማስረጃ ያቀረበ ሰው የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል መዝገብ ያስከፍታል። ይህ ግን ከፍርድ ቤቱ ክፍያ እንጂ ከጠበቃው አያድንም። የዳኝነት ክፍያው ታሪፍ በ1945 ዓ.ም. የወጣ ሆኖ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይነካ ስለቆየ ከጊዜ በኋላ ከወጪዎቹ ሁሉ ትንሹ ሆኗል፤ ነጻ መውጣቱም ጥቅሙ አነሰ። ሕጉ ከተረታው ወገን ላይ ወጪና ኪሳራ እንዲቆረጥ ይፈቅዳል፤ ዳኞችም የጠበቃ አበልን ከፍርዱ ገንዘብ አሥር በመቶ አድርገው መቁረጥ ለምደዋል። የወራሽነት ምስክር ወረቀት ሲጠየቅ ግን የሚረታ ባላጋራ የለም። ጠበቃ ለያዘ አመልካች ወጪውን የሚተካለት ማንም የለም፤ ትንሽ ውርስ ደግሞ በብዛት የሚያልቀው በዚሁ ዓይነት መዝገብ ነው።

አበሉ የሚከፈልበት ጊዜም እንደ አገሩ ኑሮ ነበር። በኢሉባቦር ገንዘብ የሚገኘው ቡና ሲለቀም፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ወቅት ነው። ለጠበቃና ለጸሐፊ የሚሰጠው ቃል «ቡና ሲደርስ» የሚል ነው፤ አንዳንዱም በደረቅ ቡና ይከፍላል። ይህ ልማድ ዋጋውን ከዓለም ገበያ ጋር አስሮታል። በጥሩ ዓመት የተዋዋለ ሰው በመጥፎ ዓመት ሲከፍል አበሉ በእጥፍ ያህል የሚከብደው ይሆናል። ቡና ከመድረሱ በፊት የተከፈተ መዝገብ ጠበቃው አበሉን እስኪያገኝ በቀጠሮ ሲንከባለል ቢታይ ምክንያቱን ፍርድ ቤት ውስጥ ብቻ መፈለግ ትክክል አይደለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የዚህን ሙያ መሠረት ናደው። መሬት የሚሸጥ፣ የሚለወጥ፣ በኑዛዜ የሚሰጥ ነገር መሆኑ ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ የሚይዘው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ባለይዞታው ሲሞት የመጠቀም መብቱ ለሚስቱ ወይም ለባሏና ለትናንሽ ልጆቹ፣ እነርሱ ከሌሉ ለአካለ መጠን ለደረሱት ልጆቹ ያልፋል ተባለ። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተወለት። ትልቅ ውርስ የሚባል ነገር በአብዛኛው ጠፋ፤ በአገሩ የቀረው ትንሽ ውርስ ብቻ ነው። እርሱንም የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ያየው ጀመር። የሸንጎው ዳኞች ከነዋሪው የተመረጡ ናቸው፤ ባለጉዳዮቹ በቋንቋቸው ራሳቸው ይናገራሉ፤ መንገዱ አጭር ነው። በወጪ ረገድ ይህ ዘመን ለትንሽ ወራሽ ከሁሉም የቀለለ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ሸንጎው የአካባቢው ሥልጣን አካል ስለነበር ከሊቀ መንበሩ ጋር የተጣላ ወራሽ በአበል የማይገዛ ችግር ይገጥመዋል። በዚሁ ዘመን የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ከጎሬ ወደ መቱ በመዛወሩ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም፣ ጠበቆቹም፣ ራፖር ጸሐፊዎቹም ወደ መቱ ወረዱ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከትግራይ በሠፈራ የመጡት ሰዎችም አዲስ ዓይነት ውርስ ይዘው መጡ። ሟቹ በኢሉባቦር ይቀበራል፤ ወንድሙና እኅቱ ያሉት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው ነው፤ ወራሽነታቸውን የሚያውቅ ምስክር በሠፈራ መንደሩ የለም።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የጥብቅና ሙያ እንደገና ሰፋ። የፌዴራሉ መንግሥት በ1992 ዓ.ም. የጠበቆችን ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 199፣ ሥነ ምግባራቸውን ደግሞ በደንብ ቁጥር 57 ደነገገ። ደንቡ አበል ምክንያታዊ እንዲሆን ከመጠየቅ አልፎ ታሪፍ አላወጣም፤ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ እንዲያገለግል ግን አዘዘ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 የጥብቅና ድርጅት ማቋቋምን ፈቀደ፤ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርንም አቋቋመ። ይህ ሁሉ የሚመለከተው የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ነው። በመቱ ወረዳና በኢሉ አባ ቦር ዞን ፍርድ ቤቶች ለመቆም ኦሮሚያ የሚሰጠው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የችሎቱም ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። የቋንቋው ለውጥ ለአብዛኛው ባለጉዳይ እፎይታ ነበር፤ የዳኛውን ጥያቄ በአስተርጓሚ ሳይሆን በጆሮው ሰማ። በሌላ በኩል የድሮው ኑዛዜ፣ የግብር ደረሰኝና የቤት ካርታ የተጻፉት በአማርኛ ስለሆነ ማስተርጎሚያ የሚባል አዲስ የወጪ መስመር ተጨመረ፤ ከአዲስ አበባ ጠበቃ ማስመጣትም ከበፊቱ ይልቅ ከባድ ሆነ። የገጠር መሬት አሁንም የሕዝብና የመንግሥት ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የመሬት አዋጅም ሆነ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1324 የሚያስተላልፉት የመጠቀም መብትን ነው። የቡና ተክሉ ግን የባለይዞታው ንብረት ነው። መሬቱን በአንድ ሕግ፣ ተክሉን በሌላ ሕግ ማስላት የአካባቢው ጠበቆች የዘወትር ሥራ ሆኗል።

ሌሎች አገሮች የትንሽ ውርስን ወጪ የያዙበት መንገድ ይለያያል። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ሕግ ውርስን በፍርድ ቤት ለሚያጣራ ጠበቃ ከመጀመሪያው 100 ሺህ ዶላር 4 በመቶ፣ ከቀጣዩ 100 ሺህ 3 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው 800 ሺህ 2 በመቶ አድርጎ ጣሪያ ቆርጧል፤ ትናንሽ ውርሶችም ሙሉውን የፍርድ ቤት ሥርዓት ሳይጠብቁ በመሐላ ጽሑፍ የሚተላለፉበት መንገድ አለ። የኢትዮጵያ አሠራር በድርድር ላይ የቆመ ነው። ጠበቃና ደንበኛ በውል ይስማማሉ፤ ግማሹ አበል መዝገቡ ሲከፈት፣ ቀሪው ውሳኔው ሲሰጥ መክፈሉ የተለመደ ነው። በመቶኛ መዋዋልም አለ፤ ነገር ግን ትንሽ ውርስ በመቶኛ ሲሰላ ለጠበቃው የመጓጓዣ ያህል ስለማይሆን ጠበቃው ቁርጥ ዋጋ ይመርጣል። ቁርጥ ዋጋው ደግሞ ውርሱ ባነሰ ቁጥር ከውርሱ ትልቅ ቁራሽ ይወስዳል። ታሪፍ ቢኖር ይህን ያስተካክል ነበር ወይ የሚለው አከራካሪ ነው፤ ዝቅተኛ ታሪፍ ጠበቃውን ከትንሹ ጉዳይ ጨርሶ ሊያርቀውም ይችላል።

ባለፉት ሁለትና ሦስት ዐሥርት ዓመታት የተለወጠው ዋና ነገር የወራሾቹ መኖሪያ ነው። የመቱ ወይም የጎሬ ቤት ባለቤት ሲሞት ልጆቹ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ በአረብ አገር፣ አንዷ አሜሪካ ሊሆኑ ይችላሉ። ውጭ ያለው ልጅ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፊት ውክልና ይፈርማል፤ ውክልናው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ተረጋግጦ መቱ ይደርሳል። ወራሹ የውጭ ዜግነት ከወሰደ በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትውልደ ኢትዮጵያውያን አዋጅ የሚሰጠውን መታወቂያ እንዲያሳይ ሊጠየቅ ይችላል። ወኪሉ ብዙውን ጊዜ በአገር ያለው ወንድም ነው፤ ወንድምየው ጠበቃ ይይዛል፤ ከቀበሌና ከዕድር ደብዳቤ ያወጣል፤ ምስክር ያቀርባል። ውርስ ከተከፈተ በኋላ ሌላ ሰው ንብረቱን በወራሽነት ስም ይዞት ከተገኘ እውነተኛው ወራሽ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት፤ 15 ዓመት ካለፈ ደግሞ ክሱ በአብዛኛው ይታገዳል። ርቀው የሚኖሩ ወራሾች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በአገር ያለው ወንድም ቤቱን «እየጠበቀ» ሳለ ጊዜው ያልፋል። ከዚያ በኋላ የሚያዝ ጠበቃ ዋጋው ከፍ ያለ፣ ተስፋው ዝቅ ያለ ነው።

ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 ለባህል ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጥቷል። በእነዚህ ሸንጎዎች የሚቀመጡት በማኅበረሰቡ የተመረጡ የአገር ሽማግሌዎች ናቸው፤ ባለጉዳዮች ከተስማሙ የቤተሰብና የንብረት ክርክርን ያያሉ። የጓሮ ቡና ድርሻ፣ የከብት ክፍፍል፣ የወንድማማች ቅሬታ ወደዚያ መሄድ ጀምሯል። ባንክ ያለ ገንዘብና ካርታ ያለው የከተማ ቤት ግን አሁንም የመደበኛው ፍርድ ቤት የወራሽነት ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል፤ ለእርሱም ባለጉዳዩ በመቱ ፍርድ ቤት ደጅ ካለው ማመልከቻ ጸሐፊ ጋር ስለ ገጽ ዋጋ ይነጋገራል።